ያልታየውን ቀዳዳ ያልተቀበሉት ሐኪም፦ ዐላኡዲን ኢብኑ ነፊስ



በየዓመቱ ወደ ድኅረ ምረቃ የሚገቡ ወንድሞችንና እህቶችን ስንቀበል ሁለት ጥያቄዎች ሳይነሡ አይቀሩም። አንደኛው፣ በባዮሜዲካል ሳይንስ ዶክትሬት ልሥራ ብሎ አራትና አምስት ዓመት በአንድ ፕሮቲን ወይም በአንድ የደም ሥር ላይ መቆየት ዕድሜን ማባከን አይሆንም ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው የአደብ ጥያቄ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ኡስታዝን ማክበር ተምረን ያደግን ሰዎች፣ የምርምር ውጤታችን አማካሪያችን ወይም ታላላቅ መጻሕፍት ካሉት ጋር ሲጋጭ ምን እናድርግ? አደቡ ዝም ማለት ነው ወይስ መናገር?

ለእነዚህ ጥያቄዎች ከምክር ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት የተሻለ መልስ ይሰጣል ብለን ስላሰብን፣ በዚህ እትም የታላቁን ሐኪምና ፈቂህ የዐላኡዲን ዐሊይ ኢብኑ አቢል-ሐዝም አል-ቁረሺን (ረሒመሁላህ) ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ዓለም በይበልጥ የሚያውቃቸው ኢብኑ ነፊስ በሚለው ስማቸው ነው። (ዘመኖቹ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የሒጅራው ሲኖር ለብቻው ጠቅሰናል።)

ከደማስቆ እስከ ካይሮ

ኢብኑ ነፊስ የተወለዱት በሰባተኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በ1210ዎቹ ገደማ፣ በሻም ምድር በደማስቆ አካባቢ ነው። ዘመኑ የተረጋጋ አልነበረም። በአንድ በኩል የመስቀል ጦረኞች በባሕሩ ዳርቻ ሰፍረዋል፤ በሌላ በኩል ሞንጎሎች ከምሥራቅ እየገሰገሱ ነው። ኢብኑ ነፊስ በሕይወት እያሉ ባግዳድ በ1258 ወደቀች፤ ቤተ መጻሕፍቷም አብሮ ወደመ። እኛ ዛሬ ለመማር ጊዜው አይመችም ስንል፣ የእነርሱም ጊዜ እንዳልተመቸ ማስታወስ ይገባናል።

ደማስቆ ግን አሁንም የኢልም ከተማ ነበረች። ሡልጣን ኑረዲን ዘንጊ በ1154 ያቋቋሙት ኑሪ ቢማሪስታን፣ ማለትም ሆስፒታል፣ ሕሙማን የሚታከሙበት ብቻ ሳይሆን ሐኪሞች የሚሠለጥኑበትም ቦታ ነበር። ሡልጣኑ ለሆስፒታሉ የሕክምና ኪታቦችን ወቅፍ አድርገውለት ነበር። በዚያ የተለመደው አሠራር፣ መምህሩ በሽተኞቹን አልጋ በአልጋ እየዞረ ካየ በኋላ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጦ ኪታብ መክፈትና ስላዩት ነገር መወያየት ነበር። የሕክምና ተማሪዎቻችን ዛሬ በየጠዋቱ ከሚያደርጉት ብዙም የራቀ አይደለም።

ወጣቱ ዐላኡዲን በዘመኑ የታወቁ ሐኪም ከነበሩት ከሙሐዘቡዲን አድ-ደኽዋር ዘንድ ተማሩ። አድ-ደኽዋር ኢልምን የሚያስተላልፉ ሰው ነበሩ፤ በ1230 ከመሞታቸው በፊት የገዛ ቤታቸውን የሕክምና መድረሳ እንዲሆን ወቅፍ አድርገዋል። ይህን ነገር ያዙልን፤ በታሪኩ መጨረሻ ላይ ይመለሳል።

ከደማስቆ በኋላ ኢብኑ ነፊስ ወደ ካይሮ ተሻገሩ፤ የቀረውን ዕድሜያቸውንም እዚያው አሳለፉ። በግብፅ የሐኪሞች አለቃ እስከመሆን ደረሱ። ከሕክምናው ጎን ለጎን ደግሞ በካይሮ መስሩሪያ መድረሳ የሻፊዒይን ፊቅህ ያስቀሩ ነበር። በአገራችን ደረሳዎች የሚቀሩት የሚንሃጅ ባለቤት ኢማም ነወዊ የዚሁ ዘመንና የዚሁ የሻም ምድር ሰው መሆናቸውን ስናስታውስ፣ ኢብኑ ነፊስ ከምን ዓይነት የኢልም ቤት እንደወጡ ይገባናል። የሻፊዒይ ዑለማኦችን ታሪክ የጻፉት ታጁዲን አስ-ሱብኪ ኢብኑ ነፊስን በመጽሐፋቸው ውስጥ አካተዋል። በሐዲስ ዕውቀት መሠረቶችም ላይ አጠር ያለ ኪታብ አላቸው። ስለዚህ አሊም ነበሩ ወይስ ሳይንቲስት ብሎ መጠየቅ በእርሳቸው ዘመን ትርጉም አይሰጥም። ጠዋት ሕሙማንን፣ ከዚያ ደረሳዎችን፣ ማታ ቀለምና ወረቀትን የሚያገኝ አንድ ሰው ነበሩ።

አንድ ሸርሕ

በወሎም ሆነ በሐረር የቀራ ሰው መትንና ሸርሕ ምን እንደሆኑ ያውቃል። መትኑ ዋናው ጽሑፍ ነው፤ ሸርሑ ደግሞ ማብራሪያው። በሸርሕ ውስጥ ሸይኹ የመትኑን ባለቤት እያከበረ ቃል በቃል ይከተለዋል፤ ሳይስማማ ሲቀር ግን ያለመስማማቱን በዚያው ቦታ ላይ ይጽፋል። የኢብኑ ነፊስ ታላቅ ሥራ የተወለደው ከዚህ ልማድ ነው።

በዚያን ዘመን የሕክምና መትን የኢብኑ ሲና አል-ቃኑን ነበር። ኢብኑ ነፊስ ለዚህ ታላቅ ኪታብ የተለያዩ ሸርሖችን ጻፉ፤ ሙጀዝ የተባለው ማሳጠሪያቸውም ለብዙ መቶ ዓመታት የሕክምና ተማሪዎች መማሪያ ሆኖ ቆይቷል። ለዛሬው ታሪካችን የሚያስፈልገን ግን በ1242፣ ገና ሠላሳ ዓመት ገደማ ሳሉ፣ በቃኑን የሰውነት አካል ትምህርት ላይ የጻፉት ሸርሕ ነው።

ችግሩ እንዲህ ነበር። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የግሪክ ሐኪም ጋሌን (ዐረቦች ጃሊኑስ የሚሉት) ስለ ደም ያስተማረው ትምህርት ከሺህ ዓመት በላይ ገዝቶ ነበር። በእርሱ አስተያየት ደም ከምግብ በጉበት ውስጥ ይሠራል፤ ከዚያ ወደ አካላት ይሄድና እዚያው ያልቃል። ከፊሉ ወደ ቀኙ የልብ ክፍል ይገባል። ከቀኙ ወደ ግራው እንዴት ይሻገራል? ጋሌን መሀል ባለው ግድግዳ ላይ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ አለ። በግራ በኩል ደሙ ከሳንባ ከመጣ አየር ጋር ተቀላቅሎ የሕይወት መንፈስን ይሠራል። ኢብኑ ሲናም ይህን መንገድ ተቀብለው አልፈዋል።

ኢብኑ ነፊስ አልተቀበሉም። የልብ መሀል ግድግዳ ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ነው አሉ፤ አንዳንዶች እንዳሰቡት የሚታይ ቀዳዳ የለበትም፤ ጋሌን እንዳሰበው የማይታይም የለበትም። ታዲያ ደሙ በግድ ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል። ደሙ ከቀኙ የልብ ክፍል ወጥቶ ዛሬ የሳንባ ደም ቅዳ በምንለው ሥር ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ በሳንባው ውስጥ ተሰራጭቶ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያም በሳንባ ደም መልስ በኩል ወደ ግራው የልብ ክፍል ይመለሳል። የሁለቱ ሥሮች ግድግዳ ለምን እንደሚለያይም አሰቡበት። ወደ ሳንባ የሚወስደው ወፍራምና ጠንካራ፣ ከሳንባ የሚመልሰው ስስ የሆነው፣ ከመጀመሪያው ተጣርቶ የሚወጣውን ሁለተኛው በቀላሉ እንዲቀበል ነው ብለው አስረዱ። በሁለቱም መካከል መተላለፊያ መኖር አለበት አሉ። በእነርሱ ዘመን ማይክሮስኮፕ አልነበረም፤ እነዚህን ቀጫጭን የደም ሥሮች ጣሊያናዊው ማልፒጊ በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ አይቶ የገለጻቸው በ1661 ነው።

በዚሁ ሸርሕ ውስጥ ኢብኑ ሲና ሦስት ናቸው ያሏቸው የልብ ክፍሎች ሁለት ብቻ መሆናቸውን ጻፉ። ልብ ራሱ የሚመገበው በውስጡ ከሚያልፈው ደም ሳይሆን በሥጋው ውስጥ ከተዘረጉት ሥሮች መሆኑንም ገለጹ።

ይህን ድፍረት ከየት አገኙት?

በመግቢያቸው ላይ መንገዳቸውን አስቀምጠዋል። ስለ አካላት ጥቅምና ሥራ የሚከተሉት ትክክለኛ ምልከታና ጤናማ ጥናት የሚያሳየውን እንደሆነ፣ ይህም ከቀደምቶቹ አስተያየት ጋር ቢስማማ ወይም ቢለያይ ግድ እንደማይሰጣቸው ተናግረዋል። በዚያው መግቢያ ላይ ደግሞ ሸሪዓና በውስጣቸው ያለው ርኅራኄ አስከሬን ከፍቶ ከመመርመር እንዳራቃቸው ይገልጻሉ፤ ስለዚህም ስለ ውስጥ አካላት ቅርጽ በጋሌን ላይ እንደሚመረኮዙ ይናገራሉ። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ አንዳንድ የቀደምቶችን አባባል የአካል ምርመራ ውድቅ ያደርገዋል ይላሉ። ይህን ያነበቡ የታሪክ ተመራማሪዎች በራሳቸው እጅ ከፍተው አይተው ይሆን እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

እኛ ግን አንድ ነገር ላይ ማተኮር እንፈልጋለን። የሐዲስ ዕውቀት የቀሰመ ሰው ወሬ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን አየ፣ ማን ሰማ ብሎ ነው። ተናጋሪው የቱንም ያህል ታላቅ ቢሆን ሰንሰለቱ ከተበጠሰ ወሬው አይጸናም። የጋሌንን ቀዳዳ ማን አየው? ጋሌን ራሱ እንኳን አላየውም፤ የማይታይ ነው ያለው እርሱ ነውና። ሺህ ዓመት ሙሉ አንዱ ከሌላው ሲቀባበለው ኖረ እንጂ አንድም ምስክር አልነበረውም። ኢብኑ ነፊስ ራሳቸው ነገሩን ከሐዲስ ጋር አላያያዙትም፤ ይህ የእኛ ንባብ ነው። ሆኖም አንድ ሰው በአንዱ ደርስ የለመደውን ጥንቃቄ በሌላው ደርስ ላይ ትቶት የሚገባ አይመስለንም።

አደባቸውንም ልብ በሉ። ኢብኑ ሲናን አልሰደቡም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኪታቡን ሲያብራሩ፣ ሲያሳጥሩና ሲያስተምሩ ኖሩ። መምህርን ማክበር ማለት የደከመበትን ሥራ በትጋት ማንበብ፣ ያለውን በትክክል መጥቀስ፣ የተሳሳተበትንም ቦታ በማስረጃ ማሳየት መሆኑን በተግባር አሳዩን።

ብዕርና ወቅፍ

የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ስለ አጻጻፋቸው የሚያስገርም ነገር ይተርካሉ። ለመጻፍ ሲቀመጡ ብዕሮቻቸው ተቀርጸው ይዘጋጁላቸዋል፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ኪታብ ሳያገላብጡ፣ ከአእምሯቸው እንደ ጎርፍ ይጽፋሉ። አንዱ ብዕር ሲደክም ለመቅረጽ ጊዜ ላለማጥፋት ሌላውን ያነሣሉ። አንድ ቀን በሕዝብ መታጠቢያ ቤት ገላቸውን እየታጠቡ ሳለ ሐሳብ መጣላቸውና ወደ ልብስ መቀየሪያው ወጥተው ቀለምና ወረቀት አስመጡ፤ ስለ ልብ ትርታ አንድ ጽሑፍ ጨርሰው ወደ መታጠቡ ተመለሱ ይባላል።

አሽ-ሻሚል የተባለውን የሕክምና ኪታባቸውን ሦስት መቶ ቅጽ አድርገው ለመጻፍ አቅደው ነበር። ሰማንያውን አደረሱ። የመመረቂያ ጽሑፉን ምዕራፍ አልጨርስ ብሎ ለተጨነቀ ወንድማችን ይህ መጽናኛ ይሁነው፤ ታላላቆቹም ያላለቀ ሥራ ትተው ሄደዋል።

በመጨረሻው ሕመማቸው ጊዜ አንዳንድ ሐኪም ጓደኞቻቸው ለመድኃኒት ይሆናል ብለው ጥቂት ኸምር እንዲቀምሱ መከሯቸው። እርሳቸው ግን በሆዳቸው ኸምር ይዘው አላህን (ሱ.ወ.) መገናኘት እንደማይፈልጉ ገልጸው እምቢ አሉ። በ687 ዓመተ ሒጅራ፣ በ1288፣ በካይሮ አረፉ። ቤታቸውንና ኪታቦቻቸውን ሁሉ፣ ሡልጣን ቀላዉን ከጥቂት ዓመታት በፊት ላሠሩት መንሱሪ ሆስፒታል ወቅፍ አደረጉ። በወጣትነታቸው መምህራቸው አድ-ደኽዋር ቤታቸውን ለኢልም ሲሰጡ አይተው ነበር። ተማሪው ከመምህሩ የወረሰው ሕክምናን ብቻ አልነበረም።

ስድስት መቶ ሰማንያ ሁለት ዓመት

ኢብኑ ነፊስ መጽሐፎቻቸው ከእርሳቸው በኋላ ዐሥር ሺህ ዓመት እንደሚቆዩ ባያውቁ ኖሮ እንደማይጽፏቸው ተናግረዋል ተብሎ ይወራል። የአላህ ቀደር ግን በሌላ መንገድ ሄደ። በደማስቆ የትምህርት ዘመን ያውቋቸው የነበሩት ኢብኑ አቢ ኡሰይቢዓ፣ ከሦስት መቶ በላይ ሐኪሞችን በዘረዘሩበት ታዋቂ መጽሐፋቸው በተሰራጩት ቅጂዎች ውስጥ ስለ እርሳቸው ምንም አላሰፈሩም። ሙጀዙ በየመድረሳው ሲነበብ፣ ያ ስለ ልብ የሚናገረው ሸርሕ ግን በጥቂት የእጅ ጽሑፎች ውስጥ ተኛ። በአውሮፓ ሰርቬተስ በ1553፣ ኮሎምቦ በ1559 ስለ ሳንባ የደም ዝውውር ጻፉ፤ እንግሊዛዊው ሐርቬይ በ1628 የመላ ሰውነቱን ዝውውር አሳየ። የሕክምና ታሪክ መጻሕፍት ግኝቱን ከእነርሱ ጀምረው ቆጠሩ።

እዚህ ላይ የዶክትሬት ተማሪው ይመጣል። ሙሕይዲን አት-ተጣዊ የተባሉ ግብፃዊ በጀርመን ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክትሬታቸውን ይሠሩ ነበር። በበርሊን የፕራሻ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎችን ሲያገላብጡ የኢብኑ ነፊስን ሸርሕ አገኙና ስለ ልብ ግድግዳ የተጻፈውን አነበቡ። በ1924 ባቀረቡት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሳንባ የደም ዝውውር ከሰርቬተስ በፊት ሦስት መቶ ዓመት ቀድሞ በካይሮ ሐኪም እንደተገለጸ አስረዱ።

መምህራኖቻቸው ተገረሙ፤ ዐረብኛ ስለማያነቡም ማረጋገጥ አልቻሉም። ነገሩ በካይሮ ይኖሩ ለነበሩት ጀርመናዊ የዓይን ሐኪምና የዐረብኛ ሊቅ ማክስ ማየርሆፍ ተላከ። ማየርሆፍ ጽሑፉን መርምረው እውነት መሆኑን አረጋገጡ፤ በ1930ዎቹም ባሳተሟቸው ጽሑፎች ግኝቱን ለዓለም አስተዋወቁ። የአት-ተጣዊ ጽሑፍ ግን በመጽሐፍ መልክ አልታተመም፤ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ዛሬም ጥቂት ነው። ከ1242 እስከ 1924 ስድስት መቶ ሰማንያ ሁለት ዓመት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ያሻገረው ድልድይ በጥቂት ቅጂ የቀረ የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር።

ለእኛ ምን ይላል?

አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ስንሰማ ፈጥነን ወደ ፉከራ እንሄዳለን። ሁሉን እኛ ጀመርነው እንላለን። ይህ ለኢብኑ ነፊስም ክብር አይሆንም። እርሳቸው የመላ ሰውነቱን የደም ዝውውር አላገኙም፤ በግራ ልብ ውስጥ የሕይወት መንፈስ ይሠራል የሚለውን የድሮ ትምህርትም አልተዉም። የሐርቬይ ድርሻ የሐርቬይ ነው። ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም ማለት ነው ከእርሳቸው የምንወርሰው። ማስረጃ የሌለውን የጋሌን ቀዳዳ ያልተቀበለ ሰው፣ ማስረጃ የሌለውን የእኛን ውዳሴም ይቀበላል ብለን አናስብም።

ሁለተኛ፣ አንድ የደም ሥር ዕድሜ ይበላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በታሪኩ ውስጥ አለ። ያ ሁሉ ነገር የተነሣው የአንድ አካል አንድ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ አለ ወይስ የለም ከሚል ጥያቄ ነው። ዶክትሬት ትንሽ ጥያቄን እስከ መጨረሻው መከተል ነው። ትንሽነቱ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ያላዩትን አየሁ ብሎ መጻፍ ነው። ቁጥር አስተካክሎ የሚመረቅ ተማሪ፣ ፕሮፌሰሩን ላለማስቀየም ውጤቱን የሚደብቅ ተማሪ፣ አማናን በልቷል። በሽተኛው ነገ በዚያ ቁጥር ይታከማልና።

ሦስተኛ፣ ለመምህር ያለንን ክብር አንጣል። ውጤታችን ሲለያይ መጀመሪያ የራሳችንን ሥራ ደግመን እንፈትሽ፤ ከዚያ ማስረጃውን ይዘን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ ነገሩን ግን ሳናድበሰብስ እንናገር።

አራተኛ፣ አት-ተጣዊ ከፈታኞቻቸው የሚበልጡበት አንድ መሣሪያ ነበራቸው፤ ዐረብኛውንም ሕክምናውንም አብረው ያነቡ ነበር። በመካከላችን በልጅነታቸው ኪታብ የቀሩ፣ አሁን ደግሞ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚውሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። በሐረርና በወሎ በየመስጂዱና በየቤቱ የተቀመጡ የእጅ ጽሑፎች አንባቢ ይጠብቃሉ። ውስጣቸው ያለውን የሚያውቀው የከፈታቸው ብቻ ነው። ቀሪታችሁን ከሳይንሱ ጋር የማይገጥም አሮጌ ዕቃ አድርጋችሁ አትጣሉት።

በመጨረሻም ኒያችንን እናስተካክል። ኢብኑ ነፊስ ዐሥር ሺህ ዓመት ይቆያል ብለው የጻፉት ሸርሕ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ ሳይታወቅ ቆየ፤ አት-ተጣዊም ያወጡት ዕውቀት ከስማቸው በላይ ታወቀ። በሰው ዘንድ መታወቅ በእጃችን አይደለም። በእጃችን ያለው የተጠየቅነውን በእውነት መሥራትና ለሚቀጥለው ማስተላለፍ ነው። አላህ ዘንድ የሚጠፋ ሥራ የለም።

አላህ (ሱ.ወ.) ለኢብኑ ነፊስ፣ ለመምህሮቻቸውና ከእርሳቸው ለተማሩት ሁሉ ይዘንላቸው። በትምህርት ላይ ላሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ጠቃሚ ኢልምን፣ ንጹሕ ኒያንና በሥራቸው ላይ በረካን ይስጣቸው። አሚን።